ድፎው መሃሉ የሚወርደው በእርሾው አይደለም

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ "ሊጡ አሪፍ ኩፍ ይላል፣ ኦቭን ሲገባ ግን መሃሉ ሙሽሽ ይላል፣ ስቆርሰው ውስጡ ይጣበቃል፣ እርሾው ጊዜው አልፎበት ይሆን?" ብለሻል። ከስር ሁሉም እርሾ ቀይሪ ይልሻል፣ በዚህ ምክር እኔም ስንት ፓኬት ጥያለሁ። እርሾው የሞተ ቢሆን እኮ መጀመሪያውኑ ኩፍ አይልም! መቼም አዲስ አበባ ነሽ ብዬ ነው ምመልስልሽ።

1. እርሾውን ቀንሺ። ዩቲዩብ ላይ ምናያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቆላ ላይ ወይ ባህር አጠገብ ነው ሚጋግሩት፣ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡን ሚጫነው ነገር ያንሳል፣ ቶሎ ይነፋል። እነሱ ሁለት ሰዓት አቆዩት ስላሉ ሁለት ሰዓት ካቆየሽው ከልኩ ያልፍና ሙቀት ሲነካው ይተነፍሳል። እኔ ለኪሎ ፉርኖ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ብቻ ነው ማረገው፣ ሰዓትም አላይም። በጣትሽ ጫን አርጊው፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ይግባ፣ ጎድጉዶ ከቀረ አልፎበታል፣ መልሰሽ እሺውና ድጋሚ ኩፍ ይበል።

2. ኦቭንሽን አትመኚው። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጠውን የኤሌክትሪክ ኦቭን ገዛሁ፣ 200 ላይ አርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ ጋግሬ ውስጡ ሊጥ! ተሸክሜ ወደ ሱቁ ወሰድኩት። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል "ይሄ የኬክ ነው፣ ድፎ ከፈለግሽ ምጣድ ግዢ" አለኝ። የአንድ አመት ጋራንቲ አለው እኮ ስለው ሶኬት ላይ ሰካው፣ እጁን ውስጥ ከቶ "ይኸው ይሞቃል፣ ጋራንቲው ለተበላሸ ነው" ብሎ ነቀለው። ይባስ ብሎ ለጓደኛው ዞር ብሎ "ማቡካት ሳይችሉ ኦቭን ያማርራሉ" አይልም! እኔ በምጣድ፣ በአክንባሎ፣ እሳት ከላይ ከታች አድርጌ ስጋግር ያደግኩ ሴትዮ ነኝ። በኋላ ኦቭን ውስጥ ሚንጠለጠል ቴርሞሜትር ገዝቼ ብለካው ማዞሪያው 200 ሲል ውስጡ 150 ነው። ፎቶ አንስቼ ወስጄ ባሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ቴርሞሜትሩ ነው የተበላሸው"። ብሬን አልመለሰልኝም፣ አሁን 240 ላይ አርጌ ነው ምጋግርበት፣ ይሰራል። ስለዚህ ሌላ ኦቭን ከመግዛትሽ በፊት መጀመሪያ ያለሽን ለኪው።

3. ሹሉን ቴርሞሜትር ዳቦው ውስጥ ምትወጊ ከሆነ ደግሞ "96 ሲደርስ አውጡ" ሚሉትን እርሺው። አዲስ አበባ ውሃ ራሱ ሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እርጥብ የሆነ መሃል ከዛ አያልፍም፣ 96 ስትጠብቂ ቅርፊቱ ድንጋይ ይሆንልሻል። እኔ 90 ሲል አወጣለሁ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ሻይ ሳፈላ ቴርሞሜትሩን ነክሬ ነው ያወቅኩት 😂

ኮባውን እሳት ላይ ለብ ለብ አርጊው፣ አይሰነጠቅም (በበዓል ሰሞን ዋጋውን ግን አትጠይቂኝ)። ሲወጣ በጨርቅ ሸፍነሽ በደንብ ይብረድ፣ ትኩሱን ከቆረስሽው የበሰለውም ይጣበቃል፣ ምናልባት ያንቺ ግማሹ ችግር ይሄም ይሆናል። ለፋሲካ የጋገርኩትን አማቴ ባርከው ቆረሱት፣ ቀመሱ፣ ምንም አላሉም፣ ሁለተኛ ቁራሽ አነሱ። እኔ የሰራሁትን ደግመው አንስተው አያውቁም!

የትሪሽን ስፋትና ስንት ኪሎ እንደምታቦኪ ጻፊልኝ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው ልንገርሽ።