ፕላኑ በሚሊ፣ ብየዳ ቤቱ በሳንቲም

«ደብረ ማርቆስ ቤት እየሠራሁ ነው፣ ፕላኑ ላይ የበሩ ልክ 900 በ2100 ይላል፣ ብየዳ ቤቱ ደግሞ በሳንቲም ንገረኝ አለኝ» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፦ 90 በ210 በለው። አለቀ። ግን እኔን ያቃጠለኝ አንተን እንዳያገኝህ ትንሽ ልጨምርልህ።

1. ፕላን ላይ ከቁጥሩ ጎን ምንም ካልተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ሚሊ ነው። ወደ ሳንቲም ለ10፣ ወደ ሜትር ለ1,000 ታካፍላለህ።

2. ነጥብ ያለው ቁጥር ለብየዳ ቤት እንዳትሰጥ! በጭራሽ! የኔ መስኮት ስፋቱ 1.2 ሜትር ነበር፣ ወረቀቱ ላይም እንደዚያው ተጽፏል። 120 ሳንቲም ማለት ነው። ሰውየው ግን «አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲም» ብሎ 102 ቆረጠው። 18 ሳንቲም ጎደለ፣ ለዚያውም የሁሉም መስኮት። ልጠይቀው ብሄድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ግድግዳውን በብሎኬት አጥብበው።» ቤቴን በሱ መስኮት ልክ ላፈርስ! ወረቀቱን አውጥቼ ሽማግሌ ፊት አስቀመጥኩለት፣ ብረቱን በራሱ ወጪ ደግሞ ሠራ። መስታወቱ ግን ሌላ ቤት በ102 ልክ ተቆርጦ ስለነበር ከኔ ኪስ ወጣ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. ካሬ ሌላ ጣጣ ነው። የኔ ቦታ 12,500 በ16,000 ሚሊ ነው። ቅጹን የሞላልኝ ልጅ አባዝቶ ለ1,000 ብቻ አካፈለና 200,000 ካሬ ብሎ ጻፈ። 20 ሄክታር እኮ ነው! ቢሮ ያለው ሰውዬ አየት አደረገና «ማርቆስን ጠቅልለህ ልትወስዳት ነው?» ብሎ ወረቀቱን ወረወረልኝ፣ ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። «ቁጥሩ ተሳስቷል፣ አስተካክል» ማለት አፍ ያቆስላል? ሁለቱም ጎን በሚሊ ስለሆነ ለ1,000 ሁለት ጊዜ ነው የሚካፈለው፣ 200 ካሬ ይመጣል። ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያ ወደ ሜትር መቀየር ነው፤ 12.5 በ16።

ፌሮ ስትገዛም ባለ 12 ሲሉህ ውፍረቱ 12 ሚሊ ነው፣ የአንዱ ዘንግ ርዝመት ደግሞ 12 ሜትር፤ እንዳይምታታብህ።

አሁን ሰፈራችን ውስጥ ቤት የሚሠራ ሁሉ ፕላኑን ይዞ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ኢንጂነር እያሉ ያሾፉብኛል። አንተም ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ባለ ብየዳውን ቤትህ ድረስ አምጣውና ክፍተቱን በሜትር ራሱ ይለካ። ሜትሩ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ሳንቲም ናቸው፣ ትንንሾቹ ጭረቶች ሚሊ። የለካውን ጽፎ ይፈርምልህ። አልመጣም ካለ ተወው፣ ማርቆስ ውስጥ ብየዳ ቤት ሞልቷል።