ጾሙን ነው ወይስ ጿሚውን?

ጥያቄ፦ በደሴ በተካሄደ የግጥም ምሽት ላይ የሚከተለውን አነበብኩ።

«ቅቤና ወተቱን ጾም ነው ብሎ ትቶ፣
ያድራል የሙት ልጁን መሬት በልቶ በልቶ።»

ከታዳሚው አንዳንዱ ሲስቅ አንዳንዱ «ጾምን አቃለልክ» ብሎ ተቆጣኝ። ሃይማኖት ውስጥ ገብቶ መሸሞጥ ነውር ነውን?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ግጥምዎ ጾምን አላቃለለም፤ እንዲያውም የቆመው በጾም ክብር ላይ ነው። ጾም ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ጾሞ የሙት ልጅ መሬት የሚቀማው ሰው ከሌላው ቀማኛ በምን ተለይቶ ያስቀን ነበር? ቁጣውስ ቢሆን ከቅዱሳት መጻሕፍቱ ቁጣ አይበልጥም። የማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ቁጥር 40 ጸሎት እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ይገሥጻል፤ የቁርኣን 107ኛው ምዕራፍ ሱረቱል ማዑንም በ7 አንቀጾቹ የቲምን (የሙት ልጅን) የሚገፋውንና ለይዩልኝ የሚሰግደውን ያወግዛል።

ሆኖም በወሎ ምድር ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እስላሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ በሚኖርበት አገር ገጣሚ አስቀድሞ የሚሸሙጠው የራሱን ቤት ነው፤ የጎረቤቱን ሼህ ወይም ቄስ የነካ እንደሆነ ግን ሽሙጡ ስድብ ሆኖ ይሰማል። ሁለተኛው የባሰ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያስገድዱ፣ ቀን ክርስቲያን መስሎ ሌሊት የሚሰግደው ሰው ነፍሱንና እምነቱን ያተርፍ ነበር እንጂ በማስመሰሉ የማንንም ሀብት አልወሰደም። እርሱን ከግብዞች ተራ የሚያሰልፍ ገጣሚ (አልፎ አልፎ አይጠፋም) ኢላማውን ስቷል።

ስለ አጻጻፉ ከተነሣ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራው የቅኔ ቤት ዋድላ የሚገኘው በዚሁ በወሎ ነውና መለኪያችን ከፍ ይበል። ጉባኤ ቃና የተባለው አጭር ቅኔ በሁለት ቤት ብቻ ሰምና ወርቁን ይጨርሳል፤ የእርስዎ ሁለተኛ ስንኝ ግን «በልቶ በልቶ» እያለ ወርቁን ገና ሳይፈለግ አውጥቶ ይዘረግፈዋል። «ያድራል የሙት ልጁን መሬት አርሶ በልቶ» ቢሉት ሰውየው ጥሮ ግሮ የሚያድር ገበሬ መስሎ ይገባል፤ አድማጩም መሬቱ የማን እንደሆነ ትዝ ሲለው ራሱ ይይዘዋል።