የሌሊቱ ስልክና የጠዋቱ መስታወት

ይድረስ ለወጣት አንባቢዎቼ፤

ዕድሜዬን በቆዳ ሕክምና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሥራ ስጀምር ወደ ክፍሌ የሚገቡት አብዛኞቹ ሕመምተኞች እከክ፣ ጭርት ወይም የሥጋ ደዌ የያዛቸው ነበሩ። ዛሬ ከሚመጡት ብዙዎቹ የእናንተ እኩዮች ናቸው፤ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደሉ ስልካቸውን አውጥተው የራሳቸውን ፎቶግራፍ ያሳዩኛል። ፊታቸው ከፊቴ እያለ ምስሉን እንድመረምርላቸው መፈለጋቸው መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ነበር። እያደር ግን ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው ቆዳቸው ሳይሆን ያ ምስል እንደሆነ ተረዳሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

ባለፈው ክረምት የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሐሳቤ አልወጣም። በቀይ ዳማ ጉንጮቹ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ፤ በአፉ ዙሪያና በአገጩ ላይ ጥቃቅን ብጉር ፈልቶበታል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ረከስ ስለሚል ከጓደኞቹ ጋር እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጌም ይጫወታል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ደግሞ ለትምህርት ይነሣል። ከጨዋታው በኋላ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ከሚያያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በአንዱ፣ ፊትን በሳምንት ውስጥ ያጠራል የተባለ ክሬም አይቶ ገዛ። ሲጀምር የነበረበት ችግር ጥቂት ብጉርና እንቅልፍ ማጣት ያገረጣው ፊት ብቻ ነበር፤ ክሬሙን ግን 5 ወራት ተቀብቶታል።

ክሬሙ ክሎቤታሶል ነበር። ስቴሮይድ ከሚባሉት የሚቀቡ መድኃኒቶች መካከል እጅግ ኃይለኛ ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ እኛ ሐኪሞች ለጠና የቆዳ ሕመም፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ አብዛኛውን ጊዜም ፊት ላልሆነ የሰውነት ክፍል የምናዝዘው ነው። ፊት ላይ ሲቀባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተቆጣውን ቆዳ ያበርዳል፣ ቀለሙንም ያቀላል፤ ወጣቱም ሠራልኝ ብሎ ለጓደኛው ይነግራል። ቀጥሎ ቆዳው እየሳሳ፣ የደም ሥሩ እየጎላ፣ ያልነበረ ብጉር እየወጣ ይሄዳል። ላቁም ሲል ደግሞ ፊቱ እንደ እሳት ይለበልበዋል፤ እርሱን ለማስታገሥ ተመልሶ ይቀባዋል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ወራት ይፈጃል።

ያ ልጅ የሸሸውን መልክ ያየው በስልኩ ካሜራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፎቶግራፍ ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ለካሜራው የቀረበው የፊት ክፍል ስለሚገዝፍ፣ ራቅ ያለው ጆሮም ስለሚያንስ ነው። እናታችሁም ሆነች ጓደኛችሁ ያንን ፊት አይተውት አያውቁም።

ስለ ጨዋታው ስናገር ጨዋታ ጠል እንዳልመስላችሁ። እኔም በልጅነቴ ጆተኒ ላይ ተደፍቼ ከቤት ስጠራ አልሰማም ነበር። ነገር ግን በአንድ ሳንቲም የወረዱት ኳሶች ሲያልቁ ጨዋታው ያልቃል፤ ሌላ ሳንቲም ከሌለን ወደ ቤታችን እንገባለን። በስልካችሁ ያለው ጨዋታ የመጨረሻ ኳስ የለውም። አንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ይመራል፤ በየቀኑ ለገባ ሽልማት አለው፤ ጓደኞቻችሁም እየጠበቁ ናቸው። ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ስለሆነ፣ ማቆም ያቃተው ወጣት ራሱን ሰነፍ ብሎ ሲሰድብ ስሰማ አዝናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስን አካትቶታል፤ መለያ ያደረገውም የሰዓቱን ብዛት ሳይሆን፣ ሰው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው የኑሮው ጉዳይ ሁሉ ሲያስቀድመውና ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልበት ነው።

ስለዚህ ኳሱን ቆጥራችሁ ጀምሩ። ስንት ዙር እንደምትጫወቱና በስንት ሰዓት እንደምትወጡ ለቡድናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ስልኩንም ከምትተኙበት ክፍል ውጪ ቻርጅ አድርጉት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለውም ቢያንስ 7። የጠቀስኩት ተማሪ የሚተኛው 4 ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ይህን የሚተካ ክሬም በየትኛውም ፋርማሲ አላየሁም።

ራስን መጠበቅን በተመለከተ የምመክራችሁ ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፊታችሁን በቀን ሁለት ጊዜ በለዘብተኛ ሳሙና ታጠቡ። ሎሚና የጥርስ ሳሙና ብጉር ላይ አትቀቡ፤ ሁለቱም ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ከኋላቸውም ጥቁር ጠባሳ ይተዋሉ። ጸጉራችሁን ቅቤ ወይም ቅባት የምትቀቡ ከሆነ ወደ ግንባራችሁ እንዳይወርድ ጠብቁ፤ ግንባር ላይ ብቻ ለሚወጣ ብጉር አንዱ ምክንያት እርሱ ነው። ጸጉር ቤት ስትገቡ ቶንዶሱ በአልኮል እንዲጸዳላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሹሩባ የምትሠሩ ልጆቼ ግንባራችሁ እስኪወጠር አታስጠብቁት፤ የጸጉር ዳር እየሳሳ የሚሸሸው በዚህ ነው።

ጺማችሁን መላጨት የጀመራችሁ ወንዶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የእኛ ጸጉር ስለሚጠቀለል ከሥሩ በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና ያብጣል። ብዙዎች ይህን ብጉር መስሏቸው ይበልጥ አጥብቀው ይላጩታል፣ ይብስባቸዋልም። ጺሙን በሞቀ ውኃ አለስልሶ፣ ወደሚያድግበት አቅጣጫ መላጨት፣ ካልሆነም በማሽን ጥቂት አስቀርቶ ማሳጠር ይሻላል።

ከእናንተ መካከል አሁን እንዲህ ያለ ክሬም የሚቀባ ካለ፣ በራሱ ፈቃድ ድንገት ከማቋረጡ በፊት የቆዳ ሐኪም ያማክር። ቱቦውን ግን አትጣሉት። ያ ተማሪ መጀመሪያ የመጣ ቀን አፍሮ ምንም አልተቀባሁም ብሎኝ ነበር፤ ከቦርሳው ያወጣው በሁለተኛው ቀጠሮ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያን ሁሉ ቀን በከንቱ ተሠቃየ። ይዛችሁት ኑ፤ እኔ አልቆጣችሁም።