1,000 ሊትር ድስት ልግዛ ወይስ ልቆይ?

ጤና ይስጥልኝ፣

የምኖረው በስደት አገር ነው። ቤት ውስጥ በ20 ሊትር ዕቃ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሞላኝ። አሁን ከተቀጣሪነት ወጥቼ አነስተኛ ጠመቃ ቤት ለመክፈት ቆርጫለሁ። ያጠራቀምኩትንና ከዘመድ የመጣልኝን ገንዘብ ይዤ ያገለገለ 1,000 ሊትር የማፍያ ድስትና ሁለት ባለ 1,000 ሊትር የማብላያ ታንክ ልገዛ ነው። ሻጩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀብድ ካላስያዝክ ለሌላ ሰው እሸጣለሁ ብሎኛል። ቀድሞ መጋዘን የነበረ ቤትም አግኝቻለሁ፤ አከራዩ የአምስት ዓመት ውል ፈርም ይላል። የመኖሪያ ፈቃዴ ከአሠሪዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የአገሩን ዜግነት ያገኘ ወዳጄ የጠመቃ ፈቃዱን በስሙ ሊያወጣልኝ ፈቃደኛ ነው።

ከቢራው በኩል ሁለት ነገር ያስጨንቀኛል። አንዳንዱ ዙር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አንዳንዱ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ወር ሲቆይ፣ ክዳኑ ሲከፈት ግማሹ አረፋ ሆኖ ይፈሳል። በ20 ሊትር እንዲህ ከሆነ በ1,000 ሊትር ምን ሊመጣ ነው? ምን ይመክሩኛል?

ጠማቂው፣ ከስደት አገር

ውድ ጠማቂ፣

ቀብዱን አያስይዙ። ለምን እንደሆነ በቁጥር አሳይዎታለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የወዳጅዎን ነገር እንቋጭ፤ እሱ ከተበላሸ ሌላው ልፋት ሁሉ መና ይቀራልና።

የአልኮል ማምረቻ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ በአብዛኛው አገር መሥሪያ ቤቱ እውነተኛው ባለቤት ማን እንደሆነና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይመረምራል። በሰው ስም ተከልሎ መሥራት ሲታወቅ የጠመቃ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል፤ እርስዎን ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድዎንም ሊያሳጣዎት ይችላል። ባይታወቅ እንኳ በሕግ ፊት ታንኮቹ የወዳጅዎ ናቸው። እሱ ቢፋታ፣ ዕዳ ቢገባ ወይም ቢሞት፣ ንብረቱ ሲከፋፈል እርስዎ የሚያሳዩት ወረቀት የለም። ስለዚህ የስደተኞች ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱና ሁለት ጥያቄ ለየብቻ በጽሑፍ ያስመልሱ፦ በዚህ ፈቃድ የድርጅት ድርሻ መያዝ እችላለሁ? በራሴ ድርጅት ውስጥስ በእጄ መሥራት እችላለሁ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ድርሻ መያዝ የተፈቀደለት ሰው ብቅል ሲገለብጥ ቢገኝ ያለፈቃድ እንደሠራ ሊቆጠርበት ይችላል። ከዘመድ የመጣው ገንዘብ ብድር ይሁን ድርሻ፣ ይህንንም አሁኑኑ በውል ይጻፉት፤ በባንክም ይለፍ። ከእጅ ወደ እጅ የተቀበሉት ገንዘብ ምንጩ ሲጠየቅ ማስረጃ አይኖርዎትም።

አሁን ወደ ድስቱ። ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት ከመብላላቱ እስከ መቀዝቀዙ፣ የታንኩን እጥበት ጨምሮ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ታንክ ይይዛል። በቅዝቃዜ የሚብላላው ላገር የሚባለው ዓይነት ከዚያም ይረዝማል። እንግዲህ አንድ ታንክ በዓመት 17 ጊዜ ይሞላል፤ ሁለቱ 34 ጊዜ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ድስት በዓመት የሚሠራው 34 ቀን ብቻ ነው፤ የሚያገኙትም 34,000 ሊትር። ባለ 500 ሊትር ድስትና አራት ባለ 500 ሊትር ታንክ ቢይዙ ደግሞ 68 ጊዜ ጠምቀው ያንኑ 34,000 ሊትር ያገኛሉ። ነገር ግን አንድ ዙር ሲበላሽ የሚደፉት 500 ሊትር ነው፣ በአንድ ጊዜም አራት ዓይነት ቢራ ማቅረብ ይችላሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሚደፋ ዙር መኖሩ አይቀርም፤ እንዲያንስ ማድረግ ግን ይቻላል። ገበያው ሲያድግ ድስቱን አይቀይሩ። ባለ 1,000 ሊትር ታንክ ይጨምሩና በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጠምቀው አንዱን ታንክ ይሙሉ፤ እርሾው ከመጀመሪያው ዙር ጋር ይገባል። ለዚያ ታንክ የሚሆን ቦታ ከወዲሁ ይተዉለት። ታንክ ሲገዙም 500 ሊትር ቢራ የሚያብላላው ጠቅላላ ይዘቱ 625 ሊትር ገደማ የሆነው መሆኑን አይርሱ፤ አረፋው መነሻ ይፈልጋል።

ከድስቱ የተረፈው ገንዘብ ወደ ማቀዝቀዣ ይሂድ። በ20 ሊትር ዕቃ እርሾው የሚያመነጨው ሙቀት በጎን በጎኑ ይወጣል። 500 ሊትር ግን ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፤ መውጫ ካጣ ቢራው ከ10 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። በ19 ዲግሪ የተጀመረ ኤል 28 ሲደርስ የሚያቃጥል፣ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ጠረን ያመጣል፤ ያ ደግሞ ከዚያ በኋላ አይወጣም። እያንዳንዱ ታንክ የራሱ የሙቀት መቆጣጠሪያና ግላይኮል፣ ማለትም በቅዝቃዜ የማይረጋ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የሚዞርበት ሽፋን ይኑረው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላም ነገር አለ፦ በሞቃት ወራት የቧንቧ ውሃ 25 ዲግሪ ከሆነ፣ በዚያ ውሃ ብቻ ወርቱን፣ ማለትም ገና ያልተብላላውን የብቅል ውሃ፣ ወደ 19 ማውረድ አይቻልም። ቀድሞ የቀዘቀዘ ውሃ የያዘ ታንክ ወይም በግላይኮል የሚሠራ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል።

ቤቱን በተመለከተ፣ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት በዚያ ቦታ ቢራ ማምረት እንደሚፈቀድ ከከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያግኙ። ውሉ ላይም «የጠመቃ ፈቃድ ካልወጣ ውሉ ያለቅጣት ይፈርሳል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። ይህን የማይቀበል አከራይ ሲገጥም ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል፤ ፈቃድ እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ኪራዩ ግን አይጠብቅም። ወለሉን በባልዲ ውሃ ይፈትሹት። ውሃው ወደ ፍሳሽ መውረጃው ካልሮጠ፣ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ተዳፋት ለማውጣት ኮንክሪት ማፍረስ ሊኖር ነው። የሞላ ታንክ 700 ኪሎ ገደማ ሆኖ በሦስት ወይም በአራት እግር ላይ ያርፋል። 500 ሊትር በኤሌክትሪክ ለማፍላት ከ24 እስከ 30 ኪሎዋት ስለሚፈልግ ስሪ ፌዝ መኖሩን ያረጋግጡ። ለአንድ ሊትር ቢራ ከ7 እስከ 10 ሊትር ውሃ ይሄዳል፤ አብዛኛው ደግሞ በፍሳሹ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ብቅል የሚቀረው አተላ እርጥብ ስለሆነ ክብደቱ ከብቅሉ ይበልጣል፣ በሙቀት ደግሞ በማግሥቱ መሽተት ይጀምራል። ከብት የሚያረባ ሰው አስቀድመው ያግኙ።

ከ34,000 ሊትር ውስጥ አሥር በመቶው በእርሾ፣ ለቢራ ምሬት በሚሰጠው ተክል በሆፕስና በቱቦ ውስጥ ይቀራል። የቀረው 30,600 ሊትር በ400 ሚሊሊትር ብርጭቆ ሲከፈል በሳምንት ወደ 1,470 ብርጭቆ ይሆናል። የአገር ልጅ በመክፈቻው ሳምንት ይመጣል፤ በየሳምንቱ 1,470 ብርጭቆ የሚጠጣው ግን የሰፈሩ ነዋሪ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቢራዎ እሱ ዳግመኛ የሚያዘው ይሁን። በራስዎ መሸጫ በብርጭቆ መሸጥ ለመጠጥ ቤት በበርሜል ከመሸጥ እጅግ የተሻለ ትርፍ አለው፤ ውጭ መሸጥ ሲጀምሩ ለእያንዳንዱ የድራፍት ቧንቧ አራት በርሜል ያስቡ፦ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ተራ ይጠብቃል፣ አንዱ ባዶውን ይመለሳል፣ አንዱ እርስዎ ዘንድ ይታጠባል። ኤክሳይዝ ታክሱ በብዙ አገር የሚታሰበው ቢራው ከጠመቃ ቤቱ ሲወጣ ነው፤ መጠጥ ቤቱ ገና ባይከፍልዎትም እርስዎ ይከፍላሉ። ለታክሱ የተለየ የባንክ ሂሳብ ይክፈቱ።

የ20 ሊትሩን የቢራ አሠራር ወደ 500 ሊትር ሲያሳድጉ ብቅሉን በ25 ያባዙ፤ የምሬቱን ሆፕስ ግን አሥር በመቶ ቀንሰው ይጀምሩ። ብዙ ወርት በማቀዝቀዣው አልፎ እስኪያልቅ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ትኩስ ሆኖ ስለሚቆይ ምሬት መውጣቱን አያቆምም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ታንክ በኮስቲክ ሶዳ ከማጠብዎ በፊት ውስጡ የቀረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ያስወጡ፣ የላይኛውን ቀዳዳም ክፍት ያድርጉ። ኮስቲክ ጋዙን ይመጠዋል፤ የተዘጋ ታንክ ውስጡ ግፊት ሲያጣ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ይጨራመታል። ትኩስ ታንክ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብም እንዲሁ ነው። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድም ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ማንቂያ መሣሪያ በታንኮቹ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይሰቀል። ታንክ ውስጥ ጭንቅላትዎን አያስገቡ።

የቅቤው ጠረን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቢራውን ቶሎ ከማቀዝቀዝ ነው። እርሾው መጀመሪያ ይህን ጠረን ያመነጫል፣ በኋላ ራሱ መልሶ ይበላዋል፤ ሳይጨርስ ካቀዘቀዙት ጠረኑ ይቀራል። ከማቀዝቀዝዎ በፊት ሁለት ብርጭቆ ናሙና ይቅዱ። አንዱን ሸፍነው 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያቆዩ፣ ከዚያ አቀዝቅዘው ሁለቱንም ያሽትቱ። የሞቀው ቅቤ ከሸተተ በ20 ዲግሪ ሁለት ቀን ይጠብቁና ፈተናውን ይድገሙ። ፈተናውን አልፎም በኋላ ቅቤ ከሸተተ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦዎችንና ጎሚኒዎችን ይቀይሩ።

ስለሚገነፍሉት ጠርሙሶች፦ የዙሩ ጠርሙስ ሁሉ የሚገነፍል ከሆነ ቢራው መብላላቱን ሳይጨርስ ሞልተዋል ወይም ጋዝ እንዲፈጥር የጨመሩት ስኳር በዝቷል፤ በሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ይበቃል። ጥቂቶቹ ብቻ ከሆኑ የጠርሙሱ እጥበት ነው። በሃይድሮሜትር፣ ማለትም ቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር ለማወቅ የፈሳሹን እፍጋት በሚለካው መሣሪያ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ተመሳሳይ ቁጥር ሳያነቡ አይሙሉ። ሲሞላ 1.014 የነበረው ቢራ አሁን ጋዙ ወጥቶ ሲለካ 1.008 ካሳየ፣ ቀጥኖ የቅርንፉድ ጠረን ካመጣም፣ ባዕድ እርሾ ገብቶበታል። ያ እርሾ ወደ አዲሱ ጠመቃ ቤት እንዳይከተልዎ የቤቱን የፕላስቲክ ዕቃ ወደዚያ አይውሰዱ። ከዚያ ዙር የቀሩትን ጠርሙሶች ዛሬውኑ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡ፤ ሲያነሷቸው በፎጣ ይጠቅልሏቸው፣ ፊትዎንም ያርቁ።