«ልጄን ይቀይሯት ይሆን?»

የአንባቢ ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ሴት ልጄ ለመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች። ኅዳር ላይ 7 ዓመት ይሞላታል። ለቤታችን የሚቀርበውና ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ትምህርት ቤት የካቶሊክ ነው። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ባለቤቴ «ዋናው ትምህርቱ ነው፣ አስገቢያት» ይላል። ጎረቤቴ ግን «ዓመት ሳይሞላት ይቀይሩልሻል፣ በኋላ እንዳታለቅሺ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እርስዎ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያስተምሩ እንደኖሩ አንብቤአለሁ። ዓመቱን ሙሉ ምን ምን አለ? እነሱ ሲያስቀድሱ ልጄ ምን ትሆናለች? ጾሟስ?

የ6 ዓመት ልጅ እናት

መልስ

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ራሴ ካቶሊክ ነኝ። የምልሽን ሁሉ ይህን እያወቅሽ ስሚኝ።

እዚሁ ሐዋሳ፣ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት 26 ዓመት አስተምሬአለሁ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነበር የኔ። በዚያ ሁሉ ዓመት ካቶሊክ ልጆች ከሌላው የበዙበት ክፍል አልገጠመኝም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ እኛ ካቶሊኮች ከሀገሩ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበርን። ክፍሌን የሚሞሉት የፕሮቴስታንት፣ የኦርቶዶክስና የሙስሊም ልጆች ነበሩ። ጎረቤትሽ እንዳለችው ቢሆን ኖሮ እኮ ይህን ጊዜ ሐዋሳ ግማሹ ካቶሊክ ነበር።

ሕጉንም እወቂው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። እኛ ጋ ትምህርተ ክርስቶስ የሚሰጠው ለካቶሊክ ልጆች ነበር። እሱም ቅዳሜ፣ በቁምስናው፣ ማለትም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን። እኔ ክፍል ገብቼ የማስተምረው ፊደል፣ መደመርና መቀነስ፣ እጅ መታጠብ ነው።

ግን አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ የሕግ ጉዳይ አይመስለኝም። ልጄ ቀኑን ሙሉ የምትውለው የሰው ቤት ነው ወይስ የራሷ? ይህን ነው የምትጠይቂኝ። ስለዚህ ዓመቱን ከበሩ ጀምሬ ላሳይሽ።

መስከረም ሲገባ ሲስተር በር ላይ ትቆማለች። እኛ ጋ ርዕሰ መምህሯ መነኩሲት ነበረች፤ ልጁም ወላጁም «ሲስተር» ነው የሚላት። አዲስ የገባውን ልጅ ሁሉ በስሙ ትጠራዋለች። ስሞቹን ጳጉሜን ላይ እንደ ትምህርት ስታጠና አይቻታለሁ። ልጆቹ አደይ አበባ ይዘው ይመጣሉ። የሚያለቅስ አለ። ልጁ እየሳቀ ገብቶ እናቱ ውጪ ቆማ የምታለቅስም አለች። አንቺ ከነዚያ አንዷ የምትሆኚ ይመስለኛል፤ ምንም አይደል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት የዓመቱ መክፈቻ ቅዳሴ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ይኼ ይሁን፦ «ቅዳሴ የማይገቡ ልጆች የት ይቆያሉ? ከማን ጋር?» እኛ ጋ ወላጅ የፈቀደለት ልጅ ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል። ያልተፈቀደለት ከአንድ መምህር ጋር ክፍል ቀርቶ ሥዕል ይሥላል። ቁርባን የሚቀርቡት የተዘጋጁ ካቶሊኮች ብቻ ስለሆኑ ልጅሽን ማንም ወደ ፊት አይጠራትም። ሰነፍ መልስ ከሰጡሽ፣ «ሁሉም መግባት አለበት» ካሉሽ ደግሞ ልጅሽን ይዘሽ ተመለሺ። ይህን የምልሽ ካቶሊክ ሆኜ ነው።

መስከረም 30 የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ በዓል ነው። የእኛ ሲስተሮች እሱ የመሠረተው ማኅበር ልጆች ናቸው። ኮምቦኒ ጣሊያናዊ ነው፣ በ1831 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተወለደ። በ50 ዓመቱ ካርቱም ላይ አረፈ። «አፍሪካን በአፍሪካውያን ማዳን» የሚለው ሐሳቡ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ቅድስናው ሮም ላይ የታወጀው በ1996 ዓ.ም. መስከረም ነው። ያኔ ሲስተር ሰልፍ ላይ ወጥታ ለልጆቹ የነገረቻቸው ትዝ ይለኛል። ለቅድስናው ምስክር ሆኖ የቀረበው ተአምር የአንዲት ሙስሊም እናት ፈውስ ነበር። ካርቱም ውስጥ ልትወልድ ገብታ ልትሞት የደረሰች ሱዳናዊት ናት። ሲስተሮቹ ለኮምቦኒ ጸለዩላት፤ ዳነች። ሲስተር ይህን ተናግራ ስትጨርስ አንድ ሙስሊም ተማሪዬ ቀሚሴን ሳበና «ቲቸር፣ እናትየዋ ከዳነች በኋላ ምን ሆነች?» አለኝ። «ሙስሊም እንደሆነች ልጆቿን ታሳድጋለች» አልኩት። ደስ አለው። ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ጥቅምት አካባቢ ካቶሊኮቹ የመቁጠሪያ ጸሎት ያደርሳሉ። ልጅሽ አይታ «እማ፣ መቁጠሪያ ግዢልኝ» ልትልሽ ትችላለች። እንዳትደነግጪ፣ እንዳትቆጪያትም። መቁጠሪያ እናንተም ቤት አለ። የአያቷን አውጪና አሳያት፣ እናንተ እንዴት እንደምትጸልዩበት አስተምሪያት። «ሲስተር ለምን አላገባችም?» ብላም ትጠይቅሻለች። ስለ ገዳም፣ ስለ መነኮሳት ከራስሽ እምነት ተነስተሽ ንገሪያት። ልጅ በራሷ ቤት መልስ ካገኘች ሌላ ቦታ ሄዳ አትፈልግም። እኔ ያየሁት ይህን ነው።

ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። መቼም ለሐዋሳ ሰው ገብርኤልን አልነግረውም። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ባጃጅ እንኳ አይገኝም። በዚያ ቀን ክፍሌ ግማሹ ባዶ ነው። ፈተና አይቀጠርም፤ አዲስ ትምህርትም አልጀምርም ነበር። ከዚያ የገና ዝግጅት ይመጣል። የቤተልሔሙን ድራማ የሚሠሩት ልጆች ከሁሉም እምነት ናቸው። አንድ ዓመት እረኛ መሆን የፈለገ ሙስሊም ልጅ ነበረኝ። አባቱን ጠርቼ አስፈቀድኩ። «መርየምንም ኢሳንም እኛ እናከብራለን፤ እረኛ ከሆነ ምን ችግር አለው» አለኝ። ልጁ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ ሲወጣ አባትየው ከፊት ተቀምጦ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር። ባልጠይቀው ኖሮ ግን ያ ቀን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ጥር ላይ ፈተና፣ ካርድ፣ አጭር ዕረፍት። ይኼ የትም ያው ነው።

አሁን ጾሙ ላይ ልምጣ። ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ ያጠፋሁበት ቦታ ስለሆነ ነው።

የኛን ከተማ ታውቂዋለሽ። በቅርብ ዓመታት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሁሉም ይደራረባል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። ፍቼ ጨምበላላም አለ፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብት አይተው ስለሚቆርጡት በየዓመቱ ይዘዋወራል።

አንድ ዓመት ጨምበላላ ዐቢይ ጾም መሃል ገባ። ሁለተኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። አንዲት የሲዳማ እናት ቡርሳሜ ሠርታ በሻፌታ፣ በባህላዊው የምግብ ዕቃ፣ ይዛልን መጣች። ቡርሳሜ በቅቤ የራሰ ቆጮ ነው፤ የበዓሉ ዋና ምግብ። ልጆቹ «አይዴ ጨምበላላ!» እያሉ ከበቧት። አንዲት ተማሪዬ ግን እጆቿን ወደ ኋላ ደብቃ ግድግዳ ተጠግታ ቆመች። አፍራ መሰለኝ። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ እንዳይቀርብሽ» ብዬ በእጄ አጎረስኳት። ዝም ብላ ዋጠችው።

ቤቷ ሄዳ ስታለቅስ አደረች። 8 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያ ጾሟን ይዛ፣ ፋሲካ ድረስ እጾማለሁ ብላ ለአያቷ ቃል ገብታ ነበር።

በነጋታው እናቷ መጣች። አልጮኸችም። «ቲቸር፣ ልጄ ትጾም እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኩዎትም» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን አስጠርቼ እናቷ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። በኛ ሀገር ማጉረስ ፍቅር ነው፤ እኔም በፍቅር ነው ያደረግኩት። ልጅቷ ግን እጇን ስትደብቅ ነግራኝ ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ያዝኩ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ለእያንዳንዱ ወላጅ ወረቀት እልካለሁ። ልጅዎ ይጾማል? የማይበላው ነገር አለ? ለየትኛው በዓል ይቀራል? ቅዳሴ ይግባ፣ አይግባ? መልሱን ከስሙ አጠገብ እጽፋለሁ። ረመዳን ላይ የሚጾም ልጅ ካለ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ እናደርጋለን፤ የጓደኛው ምሳ ዕቃ ሲከፈት እንዳይቸገር። ያቺ ቡርሳሜ ያመጣችው እናት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ጨምበላላ ቆጮ በዘይት አሽታ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳ ለጾመኞቹ ይዛ መጣች። ከቡርሳሜው ጎን ተቀመጠ። ሁለቱም አለቁ።

የአንቺ ልጅ ኅዳር ላይ 7 ዓመት ይሞላታል ብለሻል። ጾም የምትጀምርበት ዓመት ነው ማለት ነው። ስለዚህ መምህሯ እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ። በመጀመሪያው ሳምንት ሄደሽ በቃል ንገሪው፣ በወረቀትም ጽፈሽ ስጪው። ለልጅሽም አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠኚያት፦ «ቲቸር፣ ጾመኛ ነኝ።» የኔዋ ተማሪ የቸገራት ይህቺው ቃል ነበረች። ልጅ ለትልቅ ሰው እንቢ ማለት ነውር ይመስላታል።

ከፋሲካ በኋላ ዓመቱ ይሮጣል። የወላጆች ቀን አለ፣ ከዚያ የሰኔ ፈተና። አንድ ቀን ደግሞ ልጆቹን ሰብስበን አሞራ ገደል እንወስዳቸዋለን። ጉሬዛ ያያሉ፣ አባ ኮዳውን ያባርራሉ፣ ተመልሰው ዓሣ ዓሣ እየሸተቱ ክፍል ይገባሉ።

የሰው ቤት ነው ወይስ የራሷ ላልኩሽ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ግን አለኝ። ጥበቃችን የነበሩት ሰውዬ ፕሮቴስታንት ነበሩ። የትኛው ልጅ በየትኛው ባጃጅ እንደሚሄድ በቃላቸው ያውቃሉ። የማያውቁት ሰው ልጅ ሊወስድ ከመጣ ለእናትየው እስኪደወል በሩን አይከፍቱም። ሲያርፉ ቀብሩ በሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆነ። ሲስተሮቹ ከመዘምራኑ አጠገብ ቆመው ነበር። የእረኛው ልጅ አባት አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። እኔ ካየሁት ሁሉ ትምህርት ቤቱ ትምህርት ቤት የሆነው በዚያ ቀን ነው። ሌላ ቦታ እንዲህ አይሆንም አልልም። እኛ ጋ ግን ሆኗል።

ታዲያ ልጅሽን እንደ ዕቃ በር ላይ አስረክበሽ ብቻ ከሄድሽ ይህን ሁሉ አታዪውም። ስብሰባ ሲጠሩ ሂጂ። የክፍያ ጭማሪ የሚነገረውም እዚያ ነው፤ ለጭማሪው ብቻ ግን አትሂጂ። ለወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ኮሚቴ ሰው ሲመረጥ እጅሽን አውጪ። ኮሚቴው ውስጥ አንዲት ኦርቶዶክስ እናት ስትኖር ፋሲካ ሰሞን የሚወጣው የምሳ ፕሮግራም ሌላ ነው። ጎረቤትሽንም አትጣያት። ለልጅሽ አስባ ነው የተናገረችው። የገና ዝግጅት ሲደርስ አብራሽ ትምጣ፤ አጠገብሽ ተቀምጣ በዓይኗ ትይ።

እኔን ከጠየቅሽኝ አስገቢያት። ምዝገባው ቶሎ ስለሚሞላ ጳጉሜንን አትጠብቂ። የልደት የምስክር ወረቀቷን፣ የክትባት ካርዷን፣ የኬጂ ካርዷንና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘሽ በጠዋት ሂጂ። ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ ካለ ሳትፈሪ ጻፊው። ከሥሩ ባዶ ቦታ ካገኘሽ ደግሞ «ልጄ ዘንድሮ ጾም ትጀምራለች» ብለሽ ጨምሪበት።