የምትፈልገው ፊልም «ማርቪንስ ሩም» ነው

«ሁለት የተኳረፉ እህትማማቾች አንዷ ስትታመም የሚገናኙበት፣ ዲካፕሪዮ ገና ልጅ ሆኖ ያለበት ፊልም ማን ነበር? ደግሞስ ይታያል ወይ?» ላልከው፣ «ማርቪንስ ሩም» ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ። ይታያል፣ እንዴታ!

ዳያን ኪተን ቤሲን ሆና ትሠራለች፤ አልጋ የያዘ አባቷን ስታስታምም ዕድሜዋ ያለፈ ሴት። ሉኬሚያ (የደም ካንሰር) ሲገኝባት ለ20 ዓመት ገደማ የተራራቀቻትን እህቷን ሊን ትፈልጋለች፣ የእህቷ መቅኔ ከእሷ ጋር ከገጠመ እንድትለግሳት ብላ። ሊ ሜሪል ስትሪፕ ናት። የአንድ እናትና አባት ልጆች መቅኔ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ እኮ ከ4 አንድ ነው። ይግጠም አይግጠም አልነግርህም።

እኔን የገዛኝ እርቁ በንግግር አለመምጣቱ ነው። ሊ የውበት ሥራ ተማሪ ናት። ማጽናናት አትችልበትም፤ የእህቷን ዊግ ማስተካከል ግን ትችላለች። ያቺን ትዕይንት መልሼ መላልሼ አይቻታለሁ።

ልቅሶ ብቻ እንዳይመስልህ። አክስትየዋ የሕመም ማስታገሻ መሣሪያዋን ስትነካካ የጋራዡ በር ይከፈታል! ዲካፕሪዮ ደግሞ ቤታቸውን ያቃጠለ የሊ ጎረምሳ ልጅ ነው፣ ከ«ታይታኒክ» በፊት። ኪተን በዚህ ሥራዋ ለኦስካር ታጭታለች። ስትሪፕ አለመታጨቷ እስካሁን አልገባኝም።