«እኔን አይዘኝም» እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ኮሮና አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን ቤት ለቤት እየዞሩ ሙቀት ሲለኩና ሲያስተምሩ ከነበሩት የጤና ባለሙያዎች አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማስክ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ባህል መድኃኒት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አልቆሙም። ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፦ ሰው እያወቀ ለምን አይጠነቀቅም?

ጥያቄ፦ እናቴ ጎንደር፣ እኔ ቨርጂኒያ ነን። በኮሮና ጊዜ «ክትባታችሁ ይቅርብኝ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አለኝ» ብላ እምቢ አለች። አሁንም ባመማት ቁጥር ዳማከሴ ጨምቃ ከመጠጣት በቀር ሐኪም ቤት አትሄድም። እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ እህቴ፣ ዳማከሴዋን አይንኩባት። መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ ሲባል የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ እንዴት እንደተሰቀለ ያስታውሳሉ። ያ በሽታውን የናቀ ሰው ሥራ አልነበረም። በሽታው እንደሚመጣ አምኖ፣ ፈርቶ፣ በእጁ ባለው ነገር ራሱን ለመከላከል የተነሳ ሰው ሥራ ነው። እናትዎ ጥንቃቄ አልጎደላቸውም፤ ጥንቃቄያቸው ያረፈበት ቦታ ነው ችግሩ።

ዝንጅብልና ማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ቫይረስ ግን አያስቆምም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰው በእሱ ተማምኖ ሲዘገይ ነው። ሌላው የሚያሳስበኝ መታጠን ነው፤ የፈላ ውሃ ላይ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብስ መከናነብ፣ በተለይ ሕፃን ካለበት፣ የሚያስከትለው ቃጠሎ ከጉንፋኑ ይብሳል።

ስለዚህ በስልክ አይከራከሯቸው። «እማዬ፣ ዳማከሴሽን ጠጪ። ግን መተንፈስ ካቃተሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ካልለቀቀሽ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ቃል ግቢልኝ» ይበሏቸው። ከዚያ አብሮ የሚወስዳቸውን ጎረቤት ማን እንደሆነ አሁኑኑ በስም ይነጋገሩ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በባህል መድኃኒት ምክንያት እንዳያቋርጡት አደራ።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ መሐንዲስ ነው። ክትባቱ መካን ያደርጋል ብሎ ራሱም አልተከተበም፣ ሚስቱንም ከለከለ። የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ያምናል?

መልስ፦ ትምህርት ከፍርሃት አያድንም። ወንድምህ ልጅ ይፈልግ ይሆናል፤ ፍርሃቱ የተጠጋው በጣም የሚሳሳለትን ነገር ነው። ወሬው ራሱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኬንያ ውስጥ በቴታነስ ክትባት ላይ ይኸው «ያመክናል» የሚል ክስ ተነስቶ ብዙ አነጋግሯል። ሴቶችን የሚመለከት ክትባት በመጣ ቁጥር ይህ ወሬ ልብስ ቀይሮ ይመጣል።

እውነቱን ልንገርህ። ልጅ ለመውለድ የሚሞክሩ ጥንዶችን ተከታትለው ያጠኑ ተመራማሪዎች የኮሮና ክትባት የመፀነስ ዕድልን ሲቀንስ አላገኙም። በሽታው ራሱ ግን የወንዱን ዘር ለጊዜው ሊያዳክም ይችላል። ይህን ለወንድምህ ብትነግረው «መሃይም ነህ» ከምትለው ይልቅ ያደምጥሃል። አስትራዜኔካ የተባለው የኮሮና ክትባት በጥቂት ሰዎች ላይ የደም መርጋት ማስከተሉንም አትደብቀው። የደበቅነውን አንዱን እውነት ሌላ ሰው ከነገረው የተናገርነው ሁሉ ይወድቅብናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። «ክትባት» እና «ክታብ» ከአንድ ግስ የወጡ ናቸው፦ ከተበ። አያቶቻችን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ጽሑፍም፣ ክንዳችን ላይ የምንወጋው መርፌም በአንድ ስም ተጠሩ። ፈንጣጣን ለመከላከል ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ በሀገራችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይደረግ እንደነበር ተጓዦች ጽፈዋል። ስለዚህ ክትባት ፈረንጅ ያመጣብን እንግዳ ነገር ነው ለሚለው፣ መልሱ በቋንቋችን ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ትራፊክ ሲያይ ብቻ ወደ ላይ ይስብ ነበር። ሕዝባችን ለራሱ ሕይወት ግድ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ይህን አባባል አልቀበልም። ረዳቱ «ማስክ! ማስክ! ትራፊክ አለ!» ብሎ ሲጮህ እኔም ሰምቻለሁ። ሰዉ ያመነው ቅጣቱን ነው፤ በሽታውን «እኔን አይዘኝም» ብሎታል። ቅጣት ደግሞ የሚሠራው ፖሊስ ባለበት ብቻ ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የደረት ራጅ በነፃ እየተሰጠ ሰው አልመጣም። ጎድፍሬይ ሆክባውም የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ለምን ብሎ ጠየቀ። «ሊይዘኝ ይችላል፣ ቶሎ ቢታወቅ ደግሞ ይጠቅመኛል» ብለው ሁለቱንም ካመኑት ውስጥ 82 በመቶው በራሳቸው ፈቃድ ራጁን ተነስተው ነበር፤ ሁለቱንም ካላመኑት ግን 21 በመቶው ብቻ። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች ሌላም ጥያቄ ይጨምራሉ፦ ጥንቃቄው ምን ያስከፍለዋል?

ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ዘጠኝ ቤተሰብ አለ፣ ቧንቧው አንድ ነው፣ ውሃው በፈረቃ ይመጣል። እኔ እጅ አስተጣጠብ አሳይቼ፣ ሃያ ሰከንድ ቆጥሬ ጨረስኩ። እሳቸው ግን በሩ ሥር ያለውን ቢጫ ጀሪካን ወዝወዝ አደረጉልኝ፤ ግማሽ አልሞላም። «ልጄ፣ በየሰዓቱ ከታጠብኩበት ሽሮውን በምን ልሥራ?» አሉኝ። ያስተማርኳቸውን ሁሉ ያውቁት ነበር። የጎደላቸው ውሃ ነበር፣ እኔ ደግሞ ይዤ የሄድኩት ወረቀት ነበር። ታክሲውም እንዲሁ ነው፤ በግማሽ ይጫን ተብሎ ታሪፉ እጥፍ ሲሆን፣ የቀን ሠራተኛው ርቀት መጠበቅን ሳይሆን የምሳውን ብር ነው ያሰላው።

ጥያቄ፦ አባቴ «የእኔን ቀን እሱ ያውቃል፣ ጸበል ይበቃኛል» ይላሉ። እምነታቸውን ሳልነካ ምን ልበል?

መልስ፦ ለምን ይነኩታል? በኤች አይ ቪ ጊዜ ይህንኑ አልፈንበታል። ብዙ ታማሚዎች ጸበል ገብተው መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል ተናገሩ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ማለት፣ ከእኛ ከባለሙያዎቹ ስብከት ሁሉ በላይ ብዙ ሰው ወደ ኪኒኑ የመለሰ ይመስለኛል። የ2012 ትንሣኤንም ያስታውሱ፤ ሚያዝያ 11 ቀን ስንቱ ምእመን በዓሉን ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ጸሎት አከበረ። በሙስሊሙም ዘንድ «ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ» የሚለው ሐዲስ አለ፤ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም እንዳይወጣ የሚያዝም እንዲሁ።

አባትዎን የንስሐ አባታቸው ያናግሯቸው። ከልጅ አፍ የሚወጣው «ተከተቡ» ትእዛዝ ይመስላል፤ ከንስሐ አባት ሲመጣ ቡራኬ ነው።

ጥያቄ፦ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ማቃጠል በሽታ ያባርራል?

መልስ፦ ጭሱ አያባርርም፤ አስምና የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው እንዲያውም ይጎዳል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ሰዉ በእጁ የነበረው መከላከያ ያ ነበርና አልፈርድበትም። ኅዳር 12 ሰፈራችሁን ጥረጉ፣ ቆሻሻውን ግን ለሚያነሳው ስጡት።

ጥያቄ፦ የእድራችን ሊቀመንበር ነኝ። በኮሮና ጊዜ ድንኳን አንጥልም ስንል አባላት ተቀየሙን፣ እስከ ዛሬ የማያናግሩኝ አሉ። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 2015 አነሳ፤ ኅዳር 2018 ላይ ደግሞ ጂንካ ውስጥ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ መገኘቱ ተነገረ። ማርበርግ በታማሚና በአስከሬን ንክኪ ይተላለፋል፤ ማጠብ፣ መገነዝ፣ አቅፎ ማልቀስ ሁሉ አደጋ አለው።

የተቀየሙት ሞኞች አይደሉም። በኛ አገር ቀባሪ ማጣት ከሞት ይከፋል፤ እናንተ ድንኳኑን ስትከለክሉ እነሱ የሰሙት «ሟቻችሁ ክብር የለውም» የሚለውን ነው። ስለዚህ የምትከለክሉትን ብቻ አትናገሩ፣ በምትኩ የምትሰጡትን አስቀምጡ፦ የእድሩ ገንዘብ በዚያው ቀን ለቤተሰቡ ይድረስ፣ አባላት በተራ እየደወሉ ያጽናኑ፣ እህሉ በር ላይ ይቀመጥ፣ ድንኳኑ ወረርሽኙ ሲያልፍ በተዝካሩ ወይም በሙት ዓመቱ ይተከል። ይህን በሚቀጥለው የወር ስብሰባ አንሱት፤ የተቀየሙህን ቀድመህ ቤታቸው ሄደህ አማክራቸው፣ ሐሳባቸውም ይግባበት። ደንቡን አሁን፣ ማንም አልጋ ላይ ሳይወድቅ፣ አስፈርማችሁ አስቀምጡት።